«ቅብብል» እንበለው
ሰሞኑን ለቴሌኮም ሠራተኞች በተዘጋጀ አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ «የውድቀት መሻገሪያ ጊዜ» የሚል ሐረግ ባነብ፣ ውድቀትን ከአዳም ታሪክ ጋር እንጂ ከመስመር ብልሽት ጋር ላላዛመደው ጆሮዬ እጅግ እንግዳ ሆነብኝ። ፌይልኦቨር የሚሉት፣ አንዱ መስመር ሲሰናከል ሥራው ወደ ተጠባባቂው መዛወሩ ነው፤ ሐረጉ ግን የባዕዱን ቃል ሁለት ክፍሎች አንድ በአንድ ሲገለብጥ ፍሬ ነገሩን መንገድ ላይ ጥሎታል፤ መስመሩ ይሰናከላል እንጂ ውድቀት የሚሻገር ማንም የለምና።

የግእዝ ወዳጆች «ተውላጥ» ይሁን ይሉ ይሆናል። ግሡ «ወለጠ» ሲሆን በአማርኛ ፊደላቱ ተፈራርቀው «ለወጠ» ሆኗል፤ በሰዋስውም ስለ ስም ገብቶ የሚቆመውን «ተውላጠ ስም» ማለት ከለመድን ቆይተናል። ክብሩን አልነፍገውም፤ ነገር ግን ልውውጥ በገበያም፣ ሁለቱም በደኅና ሳሉም ይደረጋልና፣ የቀደመው አቅቶት ሸክሙ ሳያርፍ መወሰዱን አይነግረንም። «ምትክ» ደግሞ የሚተካውን ነገር ይጠራል እንጂ የመተካቱን ቅጽበት አይደለም።

ከቡይት ራስ በላይ ካሉት መንደሮች በሽተኛ በቃሬዛ ወደ ደባርቅ ሲወርድ ያየ ሰው የምመርጠውን ቃል ሳልነግረው ያውቀዋል። አንዱ ተሸካሚ ትከሻው ሲዝል ነገር ሳያበዛ ጎኑን ዘንበል ያደርጋል፤ ከኋላ የሚከተለው ፈጥኖ ከወራጁ ሥር ትከሻውን ያስገባል፤ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ጉዞው ይቀጥላል፤ ጋቢ የተከናነበው ሕሙምም ማን ማንን እንደ ተካ አያውቅም። ይህ መቀባበል ነው፤ ስሙም ቅብብል።

የጊዜው ወሰንም የመነጨው ከዚሁ ከሕሙሙ አለማወቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የስልክ መሐንዲሶች የተቀበሉት 50 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለት የሰከንድ አንድ ሃያኛ፣ ለተናጋሪው ጆሮ ከአንዲት ጠቅታ አያልፍም፤ ከዚያ ሲረዝም አንዳንድ የቆዩ የስልክ መሣሪያዎች ጥሪውን መልቀቅ ይጀምራሉ፤ ጥቂት ሰከንድ ከሆነ ደግሞ ወሬው ይቋረጣል። ቁጥሩ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ለሚያንስ የፋይበር ቀለበት ተጽፎ፣ ዛሬ ከድምፅ ይልቅ ዳታ በሚሸከም መስመር ላይም እንደ ሕግ ይጠቀሳል።

ቃሉን የዱላ ቅብብል ሯጮች ወስደውታል የሚል ይኖራል፤ ቢወስዱትም አላረጀም። አባቶቻችን ከዐረብኛ ሽቦ የሚለውን ቃል ተውሰው «ስልክ» ሲሉ በሽቦው መሣሪያውን ሁሉ ጠርተውበታል፤ እኛ በእጃችን ባለው ለምን እንፈራለን? መሐንዲሱም «የቅብብል ጊዜ» ብሎ ቢጽፍ ግሡ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ ተጠባባቂው ተቀበለ፣ መስመሮቹ ተቀባበሉ፣ ቅብብሉ ዘገየ።