የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የመኖሪያ ክፍሎችና የውስጥ ይዞታቸው

በአዲስ አበባ ከተማ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ውስጥ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ከሙዚየሙ ልዩ ልዩ ስብስቦች መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልብስ መቀየሪያና የመታጠቢያ ክፍል ይገኙበታል። የቀሩት የሕንጻው ክፍሎች ለጥናት፣ ለንባብና ለዐውደ ርእይ አገልግሎት ሲውሉ፣ እነዚህ ክፍሎች ግን የመኖሪያ ቤት መልካቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። ስለሆነም አንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአደባባይና ከዙፋን ርቆ እንዴት ይኖር እንደነበር በቁሳዊ ማስረጃ ከሚያሳዩ ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ናቸው።

እልፍኝና አዳራሽ

በኢትዮጵያ የቤተ መንግሥት ሥርዓት የአደባባይና የግል ሕይወት የሚለዩት በሁለት ሥፍራዎች ነበር። አዳራሽ ግብር የሚበላበት፣ ሹማምንትና ሠራዊት የሚሰበሰቡበት ሰፊ ቤት ሲሆን፣ እልፍኝ ደግሞ ንጉሡ ከቤተሰቡና ከጥቂት ባለሟሎች ጋር የሚያርፍበት የውስጥ ክፍል ነው። ወደ እልፍኝ መግባት በፈቃድ ብቻ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ይህንን የሚቆጣጠረው ሹም «እልፍኝ አስከልካይ» ይባል ነበር። ለንጉሡ ቅርብ መሆን ራሱ ሥልጣን ስለነበር፣ የአንድ በር ጥበቃ የማዕረግ ስም ያሰጥ ነበር ማለት ነው።

በውስጥ ጌጥ ረገድ ዋነኛውን ቦታ የሚይዘው አልጋ ነው። «አልጋ» የሚለው ቃል መኝታንም ዙፋንንም የሚያመለክት ሲሆን፣ «አልጋ ወራሽ» የሚለው ማዕረግ የመጣው ከዚሁ ነው። ነገሥታት ምንጣፍ በተነጠፈበትና መከዳ በተደረደረበት አልጋ ላይ ተቀምጠው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ከአልጋው ቀጥሎ መጋረጃ ከፍተኛ ትርጉም ነበረው። በዳግማዊ ምኒልክ ግብር አዳራሽ ንጉሠ ነገሥቱ ማዕድ በሚቀርቡበት ጊዜ መጋረጃ ይጋረድ ስለነበር፣ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ መካከል እንኳ የእልፍኝ ሥርዓት በጨርቅ ተከልሎ ይጠበቅ ነበር።

የእነዚህ ጌጦች ችግር ዕድሜያቸው ከግድግዳው ማጠሩ ነው። በጎንደር ፋሲል ግቢ የሚገኘው የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ግን የሚታየው ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ግንብ ነው። ድንጋዩ ዘመናትን ሲሻገር ሐሩ፣ ምንጣፉ፣ እንጨቱና መስተዋቱ አስቀድመው ይጠፋሉ። የገነተ ልዑል ክፍሎች ዋጋ የሚለካውም ከዚህ አንጻር ነው።

የቤተ መንግሥቱ አጭር ታሪክ

ገነተ ልዑል የተሠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ግንባታው የተጠናቀቀው በ1926 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን አልጋ ወራሽ ጉስታፍ አዶልፍ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ ሕንጻው ገና አዲስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ቤተ መንግሥቱ የወራሪው እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ሲሆን፣ ግራዚያኒ በመቁሰሉ የከተማው ሕዝብ በግፍ ተጨፍጭፏል። በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው ሐውልት ለእነዚህ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው።

ከሕንጻው ፊት ለፊት የሚታየው ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ኢጣሊያኖች የሠሩት የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት ለመቁጠር ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀምጦበታል። ደረጃው አልፈረሰም፤ ትርጉሙ ግን ተለውጧል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ከተመለሱ በኋላ ገነተ ልዑል እንደገና የንጉሣዊ ቤተሰብ መኖሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የመኖሪያ ክፍሎቹ ገጽታ

ክፍሎቹ የሚገኙት በሕንጻው ላይኛው ክፍል ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ፣ የልብስ መቀየሪያና መታጠቢያ ተያያዥ ሆነው የተሠሩ ሲሆን፣ እቴጌይቱ የራሳቸው መኝታ ክፍል ነበራቸው። የቤት ዕቃው በአመዛኙ የአውሮፓን ስልት የተከተለ ነው። የክፍሎቹ ስፋት መጠነኛ በመሆኑ፣ ታላቅ ግርማ ጠብቀው የሚመጡ ጎብኚዎች በልከኛነታቸው ይገረማሉ። በቤተ መንግሥት የግርማ ማሳያው አዳራሹና ሳሎኑ እንጂ መኝታ ቤቱ ባለመሆኑ፣ ይህ ልዩነት ከጥንቱ የእልፍኝና የአዳራሽ ክፍፍል ጋር የሚጣጣም ነው።

የመታጠቢያ ክፍሉ ልዩ ትኩረት ይሻል። በቀደመው የቤተ መንግሥት ልማድ ውኃ በአሽከሮች ተቀድቶና ተሞቆ ወደ እልፍኝ ይገባ የነበረ ሲሆን፣ እጅ የሚታጠበውም ሌላ ሰው ከማንቆርቆሪያ በሚያፈሰው ውኃ ነበር። በገነተ ልዑል ውኃው በቧንቧ ወደ መኝታ ክፍል አጠገብ መጥቷል። ይህ ለውጥ የምቾት ብቻ አይደለም። በአሽከርና በጌታ መካከል የነበረው የዕለት ተዕለት ቅርበት እየቀነሰ፣ ግለኝነት የሚጠበቅበት አዲስ የአኗኗር ሥርዓት ወደ ቤተ መንግሥት መግባቱን ያመለክታል።

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. አሻራ

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተጀመረ። ሙከራው መክሸፉ በታወቀበት ሰዓት በቤተ መንግሥቱ «አረንጓዴ ሳሎን» ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት በጥይት ተደበደቡ። ከሞቱት መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙበታል። እንግዳ በክብር ለመቀበል የተዘጋጀ ክፍል የግድያ ሥፍራ ሆነ።

በንጉሠ ነገሥቱ የግል ክፍሎች ውስጥ በሚገኘው መስተዋት ላይ የሚታየው የጥይት ቀዳዳ የዚያን ጊዜ ተኩስ አሻራ ነው። መስተዋቱ አልተቀየረም። በቅርስ አጠባበቅ ዘንድ እንዲህ ያለው ጉዳት እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ይቆጠራል፤ ቢጠገን ኖሮ ክፍሉ ይበልጥ ያምር ይሆናል፣ የሚመሰክረው ግን ያንሳል።

ከቤተ መንግሥትነት ወደ ትምህርት ቤትነት

ከሙከራው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑልን ለከፍተኛ ትምህርት አበረከቱ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ግቢ ተመረቀ። እቴጌ መነን ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። የቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ለረጅም ዓመታት የተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ሲያገለግል፣ ላይኛው ክፍል ለሙዚየም ዋለ።

ጎብኚው ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ስብስብ ያያል። በአንድ በኩል የኢትዮጵያ ሕዝቦች ከልደት እስከ ሞት የሚገለገሉባቸው ዕቃዎች፣ ቅዱሳት ሥዕሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎች ይታያሉ። በሌላ በኩል የአንድ ቤተሰብ አልጋና መታጠቢያ ይገኛል። ቀድሞ በአስከልካይ ይጠበቅ የነበረው በር ለሕዝብ መከፈቱ የሕንጻው ታሪክ ትልቁ ለውጥ ነው።

ስለ ጥበቃው

የውስጥ ጌጥ ቅርስ ከሕንጻ ቅርስ ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። ብርሃን የጨርቅን ቀለም ያደበዝዛል፤ እርጥበት እንጨትን ያጣምማል፤ አቧራና የእጅ ወዝ ልባስን ይበላሉ። በተጨማሪም የአንድ መኝታ ክፍል ትርጉም የሚገኘው ከዕቃዎቹ አቀማመጥና ትስስር በመሆኑ፣ አንድ ወንበር እንኳ ከቦታው ቢነሳ የሚናገረው ነገር ይቀንሳል። ጎብኚዎች ዕቃዎችን ባለመንካት፣ ከመከለያ ባለማለፍና የሙዚየሙን የፎቶግራፍ መመሪያ በማክበር ለጥበቃው ሊተባበሩ ይገባል። የገነተ ልዑልን ክፍሎች ከጎንደሩ የኢያሱ ግንብ ዕጣ የሚለያቸው ይህ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ነው።