ስኳር፣ ጥጥና የአዋሽ ዳር ግጦሽ

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ ያልቃል። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ በስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ወርዶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ላይ የተቀነሰው ውሃም ሆነ ላይ የተጨመረው ጨው የሚያርፈው ታች ባለው ሰው ላይ ነው። ስለ ወንጂ፣ ስለ መተሐራና ስለ ተንዳሆ እርሻዎች ሲወራ ግን ይህ ይዘነጋል፤ የሚወራው ስለ ኩንታልና ስለ ሄክታር ነው።

ነገሩን የጀመሩት ሆላንዶች ናቸው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ በጃቫና በሱማትራ ሰፋፊ እርሻዎች ነበሩት። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር ማማተር ጀመረና በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ ወንጂ ላይም 5 ሺህ ሄክታር ገደማ ተሰጠው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ተመረቀ። ረግረግና ወባ የበዛበት ያ ቦታ በውሉ ዓይን ጠፍ መሬት ነበር። የጅሌ ኦሮሞ ከብት ግን በጋውን የሚያልፈው እዚያ ነበር።

ሕጉም ይህንኑ አጸናው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130፣ በማንም ስም ያልተያዘ ንብረት ሁሉ፣ ደኑና የግጦሽ መሬቱ፣ ወንዙና ሐይቁ ሳይቀር የመንግሥት እንዲሆን ደነገገ። አርብቶ አደር መሬቱን የሚይዘው በጎሣው ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አልነበረውም። ስለዚህ ማንም ሳይነቅለው፣ ከብቱን እየነዳ ባለበት፣ በገዛ አገሩ ተጠማኝ ሆነ።

በ1952 ዓ.ም. ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የቆቃ ግድብ ተሠራ። የታሰበው መብራት ሊያመጣ ነው፤ አመጣም። ነገር ግን የወንዙን ጎርፍ ስለ ገራ የታችኛው ዳርቻ ለመስኖ ተመቸ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመና ውሃውንና መሬቱን ለባለ ገንዘብ ማደል ጀመረ።

ሒሳቡ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአዋሽ ተፋሰስ ስፋት 110 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎርፍ የሚያለብሰው የወንዝ ዳር ከዚህ ሁሉ ጠባብ ቁራጭ ነው። አፋሩ ዝናብ ሲጥል እንደ አላይደጌ ወዳሉት ሜዳዎች ይወጣል፤ ሜዳው ሲደርቅ ጎርፍ ወዳበቀለው ሣር ይመለሳል። ያ ሁሉ ሜዳ ከብት የሚያኖረው ይህች ጠባብ መሬት ስላለች ነው። አፋሩ ሜዳ በወጣበት ወር የመጣ ቀያሽ ዳርቻውን ሰው አልባ ብሎ ቢመዘግበው አይፈረድበትም፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የጎተራ እህልም ላላወቀው ሰው ትርፍ ይመስላል። «ሰፊ አገር አላቸው፤ ትንሽ ቢነካባቸው ምን ይጎዳል» የሚለው ክርክር በሄክታር ከተቆጠረ ልክ ነው። በወራት ከተቆጠረ ግን የተወሰደው ዝናብ የማይጥልበት ጊዜ በሙሉ ነው።

በመተሐራ አካባቢ አርብቶ አደሮች፣ በከረዩዎች፣ ላይ ሁለት ነገር ባንድ ሰሞን ወረደ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤች.ቪ.ኤ. መተሐራ ላይ ሸንኮራውን ሲዘረጋ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም እዚያው አጠገብ ተከለለ። ለትርፍ የተሠመረው ድንበርና ለዱር አራዊት የተሠመረው ድንበር ከብቱን ከሁለት ወገን ገፉት። የአካባቢ ጥበቃና የአካባቢው ሰው ሁልጊዜ አንድ ወገን ናቸው ለሚል ሰው እዚያው ፈንታሌ ተራራ ሥር ያለውን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል።

ታች ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ኩባንያ ሚቸል ኮትስ ጥጥ ዘራ። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ አካሄዱ ገባቸው፤ ቆመው ከማማረር ይልቅ ራሳቸው ጥጥ ማስለማት ያዙ። ኩባንያው የፈለገውን ያህል እንዳይስፋፋ ከየትኛውም አቤቱታ ይልቅ የገታው ይህ ይመስለኛል። ትርፉ ግን በአብዛኛው ለሱልጣኑና ለቅርባቸው ሰዎች ነበር፤ ግመሉን ይዞ የሚዞረው አፋር ከጥጡ ብዙ አላየም።

በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ከብቱ እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ወረደ። ብዙው ቦታ ጥጥ ሆኖ ጠበቀው። ረሃቡን ዝናብ መቅረቱ ብቻውን እንዳላመጣው፣ መሸሻው ቀድሞ በመወሰዱ እንደ ከፋ ከጻፉት አንዱ አውሳ ተቀምጦ ያጠናው እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ሰው ግሊን ፍላድ ነው። እሱም በ1967 ዓ.ም. ግጭት ሲነሣ እዚያው ተገደለ።

በዚያው ዓመት ደርግ መሬቱንም ኩባንያዎቹንም ወረሰ፤ ሱልጣኑም አገር ጥለው ወጡ። ከዚህ በኋላ ግፉን በባዕድ ከበርቴ ላይ ብቻ መጫን አይቻልም። ቦዮቹ እዚያው ቀሩ፤ የመንግሥት እርሻም እንደ ኩባንያው በሄክታር ቆጠረ። እንዲያውም በዚያ ዘመን በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ፣ ሕዝቡ «ወያኔ ዛፍ» የሚለው እሾሃም፣ ከእርሻ የተረፈውን ግጦሽ ወረረው። ኢሕአዴግም በተራው ተንዳሆ ላይ ግድብ ሠርቶ 50 ሺህ ሄክታር ሸንኮራ አልማለሁ አለ፤ የለማው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው።

ሚዛኑን በአንድ ወገን ብቻ መጫንም ተገቢ አይደለም። አገር ስኳር ቀመሰች፣ የፋብሪካ ባለሙያ አፈራች። ሸንኮራ ለመቁረጥ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ የወረደው ሠራተኛ ደመወዝ አገኘ፤ ልጆቹ እዚያው ተወልደው አደጉ፤ ዛሬ የወንጂ ሰው ሲባል እነሱም ናቸው። የእነሱም ዕዳ ቢሆን ከውሃ ነው የመጣው። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በወንጂ የተቆፈሩት ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በብዙ እጥፍ ያልፉ ነበር። የልጆች ጥርስ በለዘ፤ ለብዙ ዓመት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪ ደረቀ። ፍሎራይዱ የተፈጥሮ ነው፤ ኩባንያው አልጨመረውም። ሰውን በዚያ ውሃ ላይ ያሰፈረው ግን እርሻው ነው።

መተሐራ አጠገብ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ውሃ ከ40 በላይ ደርሶ ግጦሽ ዋጠ፤ የባቡሩን ሐዲድና የአስፋልቱን መንገድም ተፈታተነ። አጥኚዎች በምክንያቱ አይስማሙም፤ ገሚሱ ከመተሐራና ከአባድር መስኖ የሚሰርገውን ውሃ፣ ገሚሱ ከመሬት በታች ያለውን ፍል ውሃ ይጠቅሳል። መተሐራንና እርሻውን ለማዳን የተገኘው ዘዴ የሐይቁን ውሃ በመጠን እየቀነሱ ወደ አዋሽ መልቀቅ ሆነ። አሚባራና አውሳ የሚጠጡት፣ የሚያጠጡትም፣ ከዚያ በታች ነው።