የኮንሶላታ ማርያም
የወረቀት ኅትመት፤ ዋናው ሥዕል ቶሪኖ፣ ጣሊያን

የኮንሶላታ ሚሲዮናውያን ወደ አርሲ ደጋ ሲወጡ ይህችን ሥዕል ይዘው ነው የመጡት። ማኅበሩን በ1901 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት አባ ጁዜፔ አላማኖ በቶሪኖ የዚህችው ሥዕል ቤተ መቅደስ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ቅድስናቸው የታወጀው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ጋምቦ ላይ በሥጋ ደዌ ሕሙማን እንክብካቤ የሚታወቀው ሆስፒታልም ለዓመታት የተመራው በዚሁ ማኅበር ነው።

እናቲቱ ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። አቀማመጧ የባዕድ የሚመስለው ተመልካች የጎንደር ዘመን ሥዕሎችን ያስታውስ፤ ኢየሱሳውያን ያመጡትን የሮማ ማርያም ሥዕል ቅጂ የሀገራችን ሠዓሊዎች ተቀብለው የራሳቸው አድርገውታል።

የአርሲዋ ከተማ አሰላ ያለችው በመቂ ሐዋርያዊ ቪካርየት ውስጥ ነው። በዚህ አካባቢ ቅዳሴው በላቲን ሥርዓት ይፈጸማል፤ አዲስ አበባና ሰሜን ላይ ግን በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካቶሊኮች አሉ። ምእመናን በሥዕሏ ፊት ሻማ ያበራሉ፣ ይንበረከካሉ። ይህ አምልኮ አይደለም፤ በ787 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ተሣለው አካል እንደሚያልፍ ወስኗል። አምልኮው የሚፈጸመው በመንበሩ ላይ፣ በቅዱስ ቁርባን ነው። ሥዕሏን ከጎን፣ መንበሩን ከመሃል የሚያደርገው አሠራር ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

በዓሏ ሰኔ 13 ቀን ይከበራል።