በዘር የተከፈለ ሜዳ

ታሪክ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ዘመቻና ንግሥና ነው። ኳስማ የእሑድ ጨዋታ! እስቲ ለዛሬ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን የሜዳ ዕድሜ እንመልከት።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን ያዘ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ብቻ ሳይሆን ሜዳውም በዘር ተከፈለ፤ ሐበሻ ከሐበሻ፣ ነጭ ከነጭ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ ከፋሺስቶቹ ዓርማ የመጣ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ አለ። በዚያ ዘመን በእኛው በበጌምድር አርበኛው ዱር ቤቴ ብሎ ይዋደቅ ነበር። ታዲያ ጠላት ባሰመረው ሜዳ ኳስ መራገጥ መገዛት አይደለም ወይ? የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ አርበኛውንና ተጫዋቹን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ግን እናስተውል፤ የበላይነቱን ያመነ ሰው ተጋጣሚውን ለምን ያገልላል? ሜዳው የተከፈለው እኩልነት በአደባባይ እንዳይታይ ነው። ስለዚህ ተለይቶም ቢሆን ችሎታን ማሳደግ ያንን ውሸት መሸርሸር ነበር።

በአሜሪካም ነገሩ ይኸው ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1937 ዓ.ም. በጥቁሮች የቤዝቦል ሊግ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ በሾርትስቶፕ ቦታ ተጫወተ። በ1939 ዓ.ም. ነጮች ብቻ ይጫወቱበት ወደነበረው ሊግ ሲገባ፣ አዲስ የሆነው የበሩ መከፈት እንጂ የሰውየው ችሎታ አልነበረም።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቡድኑም ስሙን መለሰ። አቶ ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰለፉ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ቡድን ካልላክሁ አለች፤ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም ወጣች። ልትገጥማት የነበረችው አገር ማን መሰለቻችሁ? ኢትዮጵያ!

በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ስታነሣ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን መሩ፤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1968 ዓ.ም. ያባረረው በእርሳቸው ዘመን ነው። በነሐሴ 1979 ዓ.ም. አረፉ። ደቡብ አፍሪካ በዘር ያልተከፈለ ቡድን ይዛ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ አልደረሱበትም። በልጅነታቸው የተከፈለባቸውን ሜዳ ግን ለሌላው አንድ ለማድረግ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ይህ ታሪክ ካልሆነ ታሪክ ምንድን ነው?