የማያመው እብጠት

ማኅበራችን የተመሠረተበትን አሥረኛ ዓመት ስናከብር የሠራነውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያልነውንም መቁጠር ይገባናል ብለን እናምናለን። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሱዳንና በኬንያ በኩል ሜልበርን ገብተው፣ በፉትስክሬይና በፍሌሚንግተን ልጅ አዝለው ኑሮ የጀመሩ እኅቶቻችን ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ብዙዎቹ የማረጫ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ያለፉትም አሉ። ይህ ደግሞ የጡት ካንሰር ስጋት ከፍ የሚልበት ዕድሜ ነው።

አገር ቤት ሳለን የነቀርሳ ስሙ በግልጽ አይጠራም ነበር፤ «ያ ክፉ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። ስለ ጡት በሰው ፊት ማውራትም ነውር ነበር። በዚህ ላይ «ካላመመኝ ምን አለ» የሚል ልማድ አለን። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሕመሙን የጠበቀች ሴት ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች የመጀመሪያው የጡት ካንሰር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ዘግይተው ነው። በዚያ ላይ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚገኘው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

ዝምታው ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። በሴፕቴምበር 1974፣ አገራችን በአብዮት ስትናወጥ፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ ጡታቸው በካንሰር ምክንያት መቆረጡን ለሕዝብ በግልጽ ተናገሩ። ብዙ ሴቶችም ለመመርመር ተነሡ። ደርግ በወደቀበት በ1991 ደግሞ አውስትራሊያ ምልክት የሌላቸውን ሴቶች በነፃ የምትመረምርበትን አገር አቀፍ ፕሮግራም ጀመረች። በሜይ 2005 የሜልበርን ተወላጅ የሆነችው ዘፋኝ ካይሊ ሚኖግ በ36 ዓመቷ መታመሟን ስታሳውቅ የጡት ራጅ፣ ማለትም የማሞግራም ቀጠሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ በ40 በመቶ ጨመረ። ከዚህ የምንማረው አንዲት ሴት አፍ አውጥታ ስትናገር ሌሎች መትረፋቸውን ነው።

ታዲያ ማረጥ ነገሩን የሚያከብደው ለምንድን ነው? ከማረጥ በፊት ጡት ከወር አበባ ጋር ያብጣል፣ ይጓጉላል፣ ከዚያም ይለቅቃል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ግን ይህ ምክንያት የለም። ስለዚህ ካረጡ በኋላ አዲስ የወጣን እብጠት «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በብብት ሥር የሚዳሰስ እብጠት፤ የአንዱ ጡት ቅርጽ ወይም መጠን መለወጥ፤ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም መቁሰል፤ ሳይጨምቁት የሚወጣ ፈሳሽ፣ ይልቁንም ደም ያለበት፤ በአንድ ቦታ የማይለቅ ሕመም። የቆዳ መቅላትም ምልክት ነው፤ በእኛ መልክ ላይ ግን ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል።

ስለ ሆርሞን መድኃኒትም አንድ ነገር እናንሣ። በ2002 በአሜሪካ ከ16 ሺህ በላይ ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ከጊዜው በፊት ቆመ። ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አጣምረው የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር ስጋት ከፍ ብሎ በመታየቱ ነው። ይህን መድኃኒት የምትወስድ እኅት ጥቅሙንና ጉዳቱን ከሐኪሟ ጋር ትመካከር እንጂ ከጎረቤት ተቀብላ አትዋጥ።

በዚህ አገር ዕድሜዋ 40 የሞላ ሴት በብሬስትስክሪን በነፃ ትመረመራለች፤ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላሉት በየሁለት ዓመቱ ጥሪ ይላካል። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። የቀጠሮ ስልኩ 13 20 50 ነው፤ አስተርጓሚ የምትፈልግ በ13 14 50 ትደውል። ምልክት ያየች ግን ጥሪውን አትጠብቅ፤ ያለፈው ማሞግራሟ ንጹሕ ቢሆንም፣ ዕድሜዋ ገና ቢሆንም፣ በቀጥታ ጂፒ ወደምንለው ሐኪም ትሂድ። ሴት ሐኪም መጠየቅም ይቻላል። አብዛኛው እብጠት ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ያን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ እኅቶቻችን፣ ቡና ተፈልቶ ስንሰበሰብ ስለ ልጆቻችን እንደምናወራው ሁሉ ስለዚህም እናውራ። የምትፈራ ጎረቤት ካለች ደግሞ አብረናት እንሂድ። ማኅበር የተባለውም ለዚህ ነው።