የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መድኃኒት በየትኛው ሰዓት ይወሰድ?

አንገት ላይ ከፊት ለፊት የምትገኘው የእንቅርት (ታይሮይድ) ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ሲያንስ የሰውነት ሥራ ይቀዘቅዛል። ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የክብደት መጨመርና ብርድ አለመቻል ይከተላሉ። ውርጭ በማይለየው ደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ብርድ ብርድ ማለት ከሕመም ስለማይቆጠር ችግሩ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ማነሱ በምርመራ ሲረጋገጥ የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን የተባለ ክኒን ነው። እንቅርታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይህንኑ መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ።

መጠኑ የሚለካው በማይክሮግራም፣ ማለትም በሚሊ ግራም አንድ ሺሕኛ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ከተዋጠው መድኃኒት ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህሉ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። ምግብ ሲቀላቀልበት ግን ይህ መጠን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ በንጹሕ ውሃ እንዲወሰድ ይመከራል።

ምክሩ ቀላል ቢመስልም ከአካባቢው ማለዳ ጋር ይጋጫል። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያሰናክላል፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየምም እንዲሁ። ገብስ የሞላበት አገር እንደመሆኑ ቁርሱ በሶ ወይም ቆሎ ሊሆን ይችላል፤ አሰር የበዛበት ምግብም መድኃኒቱን ይይዘዋል። ስለዚህ ክኒኑን በቡና ወይም በወተት መዋጥ በከፊል እንደ መጣል ይቆጠራል። በዚህ ረገድ ገበሬው ከከተማው ሰው ይሻላል ማለት ይቻላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ክኒኑን በውሃ የዋጠ ሰው ላም ታልቦ፣ በሬ ድርቆሽ በልቶ ቁርስ እስኪቀርብ ድረስ ሰዓቱ ይሞላለታል። የሚቸገረው ረፍዶበት ተነሥቶ ቡናውን ቆሞ ጠጥቶ ወደ ቢሮ የሚሮጠው ነው።

ጠዋቱ ለማይመቸው ሰው ሌላ አማራጭ አለ። ከራት በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይቶ በመኝታ ጊዜ መውሰድ ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በኔዘርላንድ የታተመ ጥናት መድኃኒቱን በመኝታ ጊዜ የወሰዱ ታካሚዎች የሆርሞን መጠናቸው የተሻለ እንደነበር አሳይቷል። ሆኖም ምሽት 1 ሰዓት በልቶ 3 ሰዓት ላይ ለሚተኛ ቤተሰብ ክፍተቱ አይበቃም፤ ወይ ራቱ መቅደም፣ ወይ መኝታው መዘግየት አለበት።

የመኝታው ሰዓት ይበልጥ የሚጠቅመው በጾም ወራት ነው። በ55ቱ ቀናት ዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምግብም ውሃም የማይቀምሱ ምእመናን የጠዋቱን ክኒን ይተዉታል፤ አንዳንዶችም ከምግቡ ጋር ይውጡታል። ከሁለቱም ይልቅ ምግቡን አመሻሽ ላይ ጨርሶ ክኒኑን በመኝታ ጊዜ መዋጥ ይመረጣል። በአልዩ አምባና በአካባቢው የረመዳንን ጾም የሚጾሙ ሙስሊሞችም ከመጨረሻው የማታ ምግብ 3 ሰዓት ቆይተው፣ ወይም ከሱሁር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመው ሊወስዱት ይችላሉ። ሰዓቱ የሚቀየረው ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ተማክሮ ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በጤና ጣቢያ ለደም ማነስ መከላከያ የሚሰጠው የብረት ክኒን ከሌቮታይሮክሲን ጋር ስለሚጣበቅ በሁለቱ መካከል የ4 ሰዓት ልዩነት መኖር አለበት። የካልሲየም ክኒንና የጨጓራ አሲድ ማርገቢያም እንዲሁ ናቸው። በእርግዝና ጊዜ የሆርሞኑ ፍላጎት ስለሚጨምር እናትየዋ እርግዝናዋን እንዳወቀች ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል። መድኃኒቱን ማቋረጥ ፅንሱን ይጎዳል።

አወሳሰዱ ከቀን ቀን ሲለዋወጥ ጉዳቱ የሚታየው በምርመራ ላይ ነው። ቲኤስኤች የተባለው የደም ምርመራ መጠኑ ከተስተካከለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይታያል። ታካሚው ክኒኑን ከቡና ጋር ሲወስድ ቆይቶ ይህን ካልተናገረ ውጤቱ ከፍ ይላል፤ ሐኪሙም መጠኑን ሊጨምርለት ይችላል። ያው ሰው በኋላ አወሳሰዱን ሲያስተካክል መድኃኒቱ ይበዛበትና የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ይገጥሙታል። ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ለሚታከም ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀጠሮ የመሳፈሪያ ገንዘብና የሥራ ቀን ያስወጣል። ስለዚህ ለሐኪም የሚነገረው ክኒኑ መወሰዱ ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓትና ከምን ጋር እንደተወሰደም ነው።

መድኃኒቱ ከደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በ7 ቀናት ገደማ በመሆኑ አንድ ቀን ቢረሳ አያስደነግጥም። በዚያው ቀን ከታወሰ ሆድ ባዶ ሲሆን ይወሰዳል፤ የማግስቱ ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳው ይታለፋል እንጂ ሁለት በአንድ ጊዜ አይዋጥም። ክኒኑ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ስለሚያበላሹት ከአንኮበር ደጋ ወደ ቆላው የሚወርዱ ነጋዴዎች ከነማሸጊያው በጥላ ሥር ሊይዙት ይገባል።