የአናጺው ልጅ ድልድይ

እስቲ ስሙኝማ፣ የአንድ አናጺ ልጅ ታሪክ ላውጋችሁ።

ስሙ ቶማስ ሃሪሰን ነው። በ1744 እ.ኤ.አ. በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ሪችመንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም፤ ልጁ ግን የንድፍ ተሰጥኦ ነበረው። ይህን ያዩት ባለጸጋው ሰር ሎውረንስ ደንዳስ በ1769 ወጪውን ችለው ሮም ላኩት። እዚያም ዓመታት ተቀምጦ የጥንቱን ሕንጻ አጠና፤ ንድፉ ከሊቀ ጳጳሱ ከክሌመንት 14ኛ ፊት እስከ መቅረብ ደረሰ።

አገሩ ሲመለስ ኑሮውን ያደላደለው ለንደን አይደለም፤ እዚያው ሰሜን ነው። ላንካስተር ላይ የስከርተንን ድልድይ ሠራ። በዚያ ዘመን ድልድይ ማለት መሐሉ እንደ ግመል ሻኛ ያበጠ ነበር፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ዳገቱን ሲወጣ ይለፋል። ሃሪሰን ግን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ደልዳላ አደረገው። ከዚያም ወደ ቼስተር ዘልቆ አሮጌውን ግንብ በግሪክ ዓይነት አምዶች አዲስ አድርጎ አቆመው፤ ሥራው ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሰደ።

ለሎርድ ኤልጂን ቤት ሲነድፍም አንድ ምክር ሰጠ፦ አምባሳደር ሆነው ቁስጥንጥንያ ሲሄዱ የግሪክን ቅርጻ ቅርጾች በጄሶ አስቀድተው ያምጡ አላቸው። የኤልጂን ሰዎች ግን ድንጋዩን ራሱን ከጥንቱ የአቴና ቤተ መቅደስ ከፓርተኖን ነቅለው ወሰዱት። ሃሪሰን የፈለገው ቅጂውን ነበር፤ የግሪክ ሕዝብ ግን ዋናውን እስከ ዛሬ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራው ልምጣ። ቼስተር ላይ የዲ ወንዝን የሚያሻግረው ጠባቡ አሮጌ ድልድይ መንገደኛውን ሁሉ አላስተናግድ አለ። አዲሱ ደግሞ ለጀልባና ለመርከብ መተላለፊያ መተው ነበረበት። ሰማንያ ዓመት የደፈነው ሃሪሰን፣ ወንዙን በአንድ ቅስት ብቻ ልዝለለው አለ፤ ስፋቱ 61 ሜትር! ሲያልቅ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከቆሙት የድንጋይ ቅስቶች ሁሉ ሰፊው ሆነ። የመሠረት ድንጋዩ በ1827 ተጣለ። ተቋራጩ ጄምስ ትረብሾ ቅስቱን የሚደግፍ የእንጨት ርብራብ አቆመ፤ ድንጋዩ ተደርድሮ ሲያልቅም በእንጨቱ ላይ የተሰኩት ሽብልቆች ቀስ በቀስ እየላሉ ክብደቱ በቅስቱ ላይ አረፈ።

ሃሪሰን ግን ይህን ለማየት አልታደለም፤ በ1829 ቼስተር ላይ አረፈ። ሥራውን ደቀ መዝሙሩ ዊልያም ኮል ከመሐንዲሱ ጄሲ ሃርትሊ ጋር ዳር አደረሰው፤ በ1832 ኋላ ንግሥት የሆነችው ልዕልት ቪክቶሪያ መረቀችው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዘመኑ ትልቁ የድንጋይ ቅስት የተነደፈው በዋና ከተማ አልነበረም። የነደፈውም ዕድሜውን በክፍለ ሀገር የፈጸመ ሰው ነው። ባለሙያን የት ነው የሚኖረው ብላችሁ አትመዝኑት፤ ምን ሠራ ብላችሁ ጠይቁ። የሃሪሰን ድልድይ ዛሬም መኪና እያሻገረ ነው።